ጋሼ ብረቱ ምን አሉ?

ሰኔ 23

ክረምቱ ገባ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ እኔም ተማሪዎቼ ጥለውት ከሄዱት ደብተር አንዱን ወርሼ የዘመኔን ታሪክ መጻፍ ጀመርኩ። ለመጪው ትውልድ ተመራማሪዎች እንዲመች ማንነቴን ላስቀምጥ፦ ኩምሳ፣ በሙያ የእንግሊዝኛ መምህር፣ በመኖሪያ የገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ በትዳር ጉዳይ ማንም ያልጠየቀኝ። ቤቱን የተከራየችው እህቴ ዳሲቱ ናት። ሕንፃው የቆመበት መሬት ድሮ የአባታችን የጤፍ ማሳ ነበር። ስለዚህ በገዛ ማሳችን ላይ፣ ከአፈሩ ከፍ ብለን፣ ተከራይተን እንኖራለን።

የክረምቱ ዕቅድ፦ ከጓደኛዬ ከሙህሲን ጋር የቪዲዮ ጌሙን መጨረስ። የመስከረም ዕቅድ፦ ከሙህሲን ጋር የራሳችንን ጌም ቤት መክፈት፤ እዚሁ ገላን፣ ምድር ቤት፣ ኳስ በሩን የማያልፍበት፣ ታሪክ ያላቸው ጌሞች ብቻ የሚታዩበት። ማስተማሩን በክብር እሰናበታለሁ። ዛሬ ሁሉንም በዝርዝር ነገርኩት።

"ሐሳቡ ደስ ይላል" አለ።

ተስማምቻለሁ ማለቱ ነው።

ሰኔ 26

የታጁ ጌም ቤት ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከባጃጆቹ መቆሚያ ጀርባ። አራት ስክሪን አለው። ሦስቱ ላይ ኳስ ነው፤ ጩኸት፣ ፉከራ፣ በሌለ ዳኛ ላይ የሚወርድ እርግማን። ጥግ ላይ ያለው አራተኛው የእኛ ነው። እሱ ጋ ሰው ጭቃውን አራግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚቀመጠው።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ሙህሲን ጆይስቲኩን ይይዛል፤ ጣቱ ፈጣን፣ አፉ ዝግ። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ስክሪኑ የሚናገረውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ምርጫ ሲመጣ ቤቱ እጅ ያወጣል። የጌሙ ስም በእንግሊዝኛ ረጅም ስለሆነ ሁሉም "ጨለማው" ይለዋል። በዚያ ዓለም ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች፣ ንጉሡ በሽተኛ ነው፣ መንገዱ ረግረግ ነው፣ ድልድዩ ተሰብሯል፣ ሰው ሁሉ ሰውን ይጠራጠራል። ታጁ ከኋላችን ቆሞ ትንሽ አየና፣ "ወላሂ፣ ለዚህ ጆይስቲክ ምን ያደርጋል? ጃንጥላ ይዞ ወደ ውጭ መውጣት ነው" አለ።

ዛሬ እስር ቤት ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ጦረኛ አገኘን። ከራስ እስከ እግራቸው ዝገት የበላው ብረት ለብሰዋል። አሻግሬ የሲኖ ሹፌር ነው፤ አሸዋውን ገልብጦ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል። እሱ ወዲያው "ጋሼ ብረቱ" ብሎ ሰየማቸው። ሰንሰለቱ ይፈታ ወይስ አይፈታ? ሽማግሌው ቀና ብለው ረጅም ነገር ተናገሩ።

"ቲቸር፣ ምን አሉ?"

እንግሊዝኛው የጥንት ነው፤ ነገሥታት ድንጋይ ጎርሰው የሚናገሩት ዓይነት። ነገር ግን ጥሩ ተርጓሚ ቃሉን ትቶ መንፈሱን ይይዛል። ድምፄን ወፈር አደረግኩና፣ "'ልጆቼ፣ ብትፈቱኝ ከጀርባችሁ አልጠፋም' ነው የሚሉት" አልኩ።

ቤቱ ከንፈሩን መጠጠ። ተፈቱ።

ሐምሌ 2

ዳሲቱ በምሳ ሰዓት፦ "ኩሜ፣ ይሄን አክለህ ጭራቅ ታባርራለህ?"

"አላባርርም፤ እተረጉማለሁ።"

"ለጭራቁ?"

እህቴ በማስረጃ የማትረታ ሰው ስለሆነች መልሱን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ኳሱ ሲያልቅ ያልቃል። ጨለማው ግን አብሮህ ባጃጅ ውስጥ ይገባል። ሰሞኑን አንዲት እናት ለታመመ ልጇ መድኃኒት ፍለጋ ላከችን። ልጁ ግን ሞቷል፤ እሷ አላወቀችም፣ ወይም አውቃ አላወቀችም። ሄደን እውነቱን እንንገራት ወይስ መድኃኒቱን ሰጥተናት ዝም እንበል? ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። "ንገራት" ባዮቹና "ተዋት" ባዮቹ ዛሬ ጠዋት በሚሠሩበት ጋራዥ ውስጥ ገና ሲጨቃጨቁ አግኝቻቸዋለሁ፤ አንዱ በዚህ ምክንያት የአንድ መኪና ጎማ ሳያጠብቅ ለቆታል ይባላል።

ቴሌቪዥን ላይ ክፉ ሰው ገና ሲገባ በሙዚቃው ይታወቃል። እዚህ ክፉውም ምክንያት አለው፣ ደጉም ቂም አለው፤ ልክ እንደ ሰፈራችን። ልዩነቱ፣ እዚያ ያደረግከው ነገር አይረሳም። ለእናቲቱ እውነቱን ነገርናት፤ አለቀሰች፤ ከዚያ እኛ በሠራናት መጠጊያ መንደር መጥታ ሰፈረች። አሁን ከውጊያ ደክመን ስንመለስ እሳት አንድዳ፣ ዳቦ ይዛ ትጠብቀናለች። እሷ ብቅ ስትል ቤቱ በሙሉ "እፎይ" ይላል። እኔ በዚህ ከተማ ለስንት ሰው አዝኛለሁ! አንድም ዳቦ ይዞ የጠበቀኝ የለም።

ሐምሌ 8

ሙህሲን እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። አባቱ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው። "ፋዘር የሳሪሱን ሱቅ አንተ ያዘው እያሉኝ ነው" አለ።

"ምን አልካቸው?"

"እምቢ የምልበት ምክንያት የለኝም።"

ምስኪን። ምክንያት ፈልግልኝ ማለቱ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ፊቱ ቆሟል፤ ጃንጥላም ይዞለታል። "አይዞህ፣ አለሁልህ" አልኩት። የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ሚኒባስ መጣ።

ሐምሌ 15

መብራት ጠፋ። ያውም ጋሼ ብረቱ ስለ ወጣትነታቸው ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ። ኳሰኞቹ ተሳድበው ወጡ። ከእኛ ጥግ ግን ማንም አልተነሣም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ታጁ ሻማ አበራ። አሻግሬ፣ "ቲቸር፣ አንተ ቀጥል እንጂ። ታሪኩን ታውቀው የለ?" አለ።

አላውቀውም። ቀጠልኩ።

ጋሼ ብረቱ ወንድም ነበራቸው አልኩ። ሁለቱ አንድ ጋሻ ነበራቸው፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይጠብቃል። ንጉሡ ጋሼ ብረቱን ጠርተው "ወንድምህን አሳልፈህ ስጠኝ" አሏቸው። እምቢ አሉ። ሰንሰለቱም የመጣው በዚህ ነው። ብርዱን፣ የፈረሱን ትንፋሽ፣ የወንድምየውን ሳል ሳይቀር ጨመርኩ። ስጨርስ አሻግሬ፣ ትራፊክ ፖሊስ ከነፉጨቱ የማይበግረው ሰው፣ ዓይኑን በሹራቡ እጅጌ ጠረገ። ታጁ እንኳ ሻማውን ማስተካከል አበዛ።

መብራት ሲመጣ ሙህሲን ወደ እኔ ዞረ። "የወንድማቸው ነገር እዚህ ውስጥ አለ?"

"ይመጣል" አልኩት።

እንግዲህ ካልመጣ የጌሙ ጥፋት ነው።

ሐምሌ 21

በጥድፊያ። ዝናብ። ታክሲ የለም። ጫማዬ ሞቷል።

የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ወይዘሮ ሶሊያና ደወሉ። "ኩምሳ፣ የመጪውን ዓመት ውል አልፈረምክም። ከነሐሴ አጋማሽ በላይ አልጠብቅህም።" እሺ አልኩ። እሺ ማለትና መፈረም ይለያያል።

አሻግሬ ሲኖው ላይ አስጽፎ መጣ። ኋላው ላይ፣ በቢጫ ፊደላት፣ ከነጥላቸው፦ ከጀርባህ አልጠፋም። ከሲኖ ፊት ፊት ለሚነዳ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያጽናና እግዜር ይወቅ። "የጋሼ ብረቱ ቃል ነው" ብሎ ሲያሳየን ደረቱ ተነፍቶ ነበር። እኔም ትንሽ ተነፋሁ።

ሐምሌ 28

ሙህሲን ዛሬ ብቻዬን ጠራኝ። "ቲቸር፣ ውሉን ፈርም።"

"ጌም ቤታችንስ?"

"አንተ ዝም ብለህ ፈርም። እኔን አትጠብቅ።"

ትጸናለህ ወይ ማለቱ ነው። ጋሼ ብረቱም ድልድዩ ላይ "ትታችሁኝ ሂዱ" ብለው ፈትነውን ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደተረጎምኩት። ትተናቸው አልሄድንም።

አልፈረምኩም።

ነሐሴ 5

ጉንፋን። ትኩሳት። ዳሲቱ በላዬ ላይ ብርድ ልብስ ትከምርና "ፈረምክ?" ትላለች። ውሃ ታመጣለች፣ "ፈረምክ?" ትላለች። በዚህ አያያዝ ብሞት ለመላእክቱም የምትልክብኝ መልእክት ይሄው ነው።

ያለ እኔ ጌሙ እንዴት ይሆናል? የሚያዩት ዝም ያለ ፊልም ነው። ምስኪኖች።

ነሐሴ 11

ተሻለኝ፣ ሄድኩ። ጥጉ ላይ ሙህሲን ብቻውን ነበር። ስክሪኑን ሳየው ከሥር ያለው ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጣል። አረብኛ! ሙህሲን ልጅ ሆኖ መድረሳ የተማረው፣ ዱባይ ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ የሚከራከርበት አረብኛ አለው። ጌሙም ለካ አረብኛ ያውቃል።

"አንተ ስላልነበርክ በማውቀው ቋንቋ አደረግሁት" አለ።

ናፍቀኸኛል ማለቱ ነው። ወደ እንግሊዝኛ መለስኩለት።

ማታ ቤቱ ሞልቶ ስንቀጥል ግን የሙህሲን ጠባይ ተቀየረ። ጋሼ ብረቱ እሳቱ ዳር ሆነው ትንሽ ተናገሩ። ሙህሲን፣ "ቲቸር፣ አሁን ምን አሉ?"

"'ይህን መንደር እንደ ወንድሜ እወደዋለሁ' ነው የሚሉት።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ዲግሪዬን ላምጣልህ?"

ቤቱ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። አሻግሬ፣ "ሙህሲን፣ አታቋርጥ አቦ!" አለው። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀም።

ነሐሴ 14

ሙህሲን ከኪሱ ስልክ ሲያወጣ አዲስ ቁልፎች አብረው ወጡ፤ በቀይ ክር የታሰሩ።

"የምን ቁልፍ ነው?"

"የሱቅ" አለ፤ ቶሎ መለሳቸው።

ይሄ ልጅ! ምድር ቤት ያለውን ክፍል ያለ እኔ ተከራይቶታል። አሁን ዝም በል፣ በበዓሉ ዋዜማ ላስደንቅህ ማለቱ ነው። እንዳላየ ሆንኩ። መደነቅን በመስታወት ተለማመድኩ፤ ቅንድቤ ትንሽ ይቀረዋል።

ነሐሴ 17

"ፈረምክ?"

"ቀኑ አለፈ ዳሲቱ።"

ድስቱን አነሣች፣ አስቀመጠች፣ መልሳ አነሣች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 24

በሥርዓት እጽፈዋለሁ። ሁለት ክህደት በአንድ ምሽት ሲወርድ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት።

የመንደራችን በር የሚከፈተው በአንድ ቀለበት ነው። ጋሼ ብረቱ እጃቸውን ዘርግተው ቀለበቱን ጠየቁ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ምርጫ ወጣ፦ ስጥ፣ ከልክል። ሙህሲን ቤቱን እጅ አላስወጣም። "ቲቸር፣ አንተ ወስን" አለ።

"ስጣቸው።"

"ደግመህ አስብ።"

"ጋሼ ብረቱን ካላመንን ማንን ልናምን ነው? ስጣቸው አልኩህ!"

ሰጠ።

ሽማግሌው ቀለበቱን ጣታቸው ላይ አጠለቁ። ወደ በሩ ሄዱ። ከፈቱት። ከውጭ ጨለማው ገባ፤ ችቦ የያዘ፣ ብረት የለበሰ፣ ሺህ የሚሆን። መንደሯ ነደደች። ዳቦ የምታመጣልን እናት ከእሳቱ ወደ እኛ ሮጠች፤ ጋሼ ብረቱ መንገዷ ላይ ቆሙ። ሰይፋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተነሣው። ዳቦው ጭቃው ውስጥ ወደቀ። ይህን የሠራው ሰው የትም አገር ይሁን፣ ያንን ዳቦ መሬት ላይ ማሳየቱን አልምረውም።

ኳሰኞቹ እንኳ ጨዋታቸውን ትተው ወደ እኛ ዞሩ። ከዚያ አሻግሬ ብድግ አለ፦ "አንተ! አንተ ሽማግሌ ሌባ!" አንቱታው እዚያው ቀረ። ወደ እኔም ዞረ። "ምን አለ? ቲቸር፣ አሁን ምን አለ?"

"እንግሊዝኛው... የጥንት ነው" አልኩ።

ሙህሲን ጆይስቲኩን ለታጁ ሰጥቶ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ። ታዛው ሥር ቆምን፤ ዝናቡ ፊታችን እንደ መጋረጃ ነው።

"ይሄ ከሐዲ..." ብዬ ስጀምር፣ "አልከዳም" አለኝ። "በሰንሰለት እያለ የተናገረውን ታስታውሳለህ? 'ብትፈታኝ አንድ ቀን ከጀርባህ እወጋሃለሁ' ነው ያለው። ከዚያ በኋላም በየመንገዱ ደገመው።"

"አንተ መቼ አወቅክ?"

"ስትታመም። ከመጀመሪያው በአረብኛ ደግሜ አየሁት።"

"አውቀህ ቀለበቱን ሰጠኸው?"

"ጠየቅኩህ። ስጥ አልከኝ።"

"አትነግረኝም ነበር?"

"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበልህ ቲቸር? ሰዉ ደስ ብሎት ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።" ከጃኬቱ ላይ ዝናቡን አራገፈ። "ሰኞ የሳሪሱን ሱቅ እከፍታለሁ። ጠዋት ብትመጣ ደስ ይለኛል።"

"የገላኑስ?"

"የገላን የቱ?"

"የእኛ!"

ኪሱ ውስጥ ቁልፎቹ ሲንቀሳቀሱ ሰማሁ። "ቲቸር" አለ ቀስ ብሎ፣ "እኔ እኮ አንድም ቀን እሺ ብዬህ አላውቅም።"

ነሐሴ 25

አልተኛሁም። ዳሲቱ ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ።

"ማነው?"

"ሙህሲን። ከዳኝ።"

"ምን ብሎህ ነበር?"

"ምንም አላለኝም።"

"ታዲያ?"

"እሱ ነዋ ክህደቱ!"

እህቴ ካልወገነችልኝ ማን ይወግንልኛል?

ነሐሴ 28

ሰኞ። ሳሪስ አልሄድኩም። መዝናናት ፈልጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ በአጋጣሚ በሱቁ ፊት ያልፋል። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ የቀለም ጣሳ። አባቱ በር ላይ ቁጭ ብለዋል። ሙህሲን የበሩን ቀለም ሲነካካ ጎንበስ ብሎ ነበር። አልወረድኩም። አዲስ ሱቅ ከፍቶ ዳቦ እንኳ ያልቆረሰለት ጓደኛ አለው ይበሉት።

ነሐሴ 30

አሻግሬን አገኘሁት። በሲኖው ኋላ ያለውን ጽሑፍ ሊያስፍቀው እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ለምን ብዬ? ሰውዬው ሌባ ቢሆንም ቃሉ ጥሩ ቃል ነው።"

ከዚህ ክረምት የተረፈልኝ አንባቢ እሱ ብቻ ነው።

ጳጉሜ 2

ወይዘሮ ሶሊያና ጋ ሄድኩ። "ቦታው ተይዟል ኩምሳ። ደውዬልህ ነበር እኮ" አሉኝ፤ ሻይ ይምጣልህ ወይ ሲሉኝ ነው ይበልጥ ያመመኝ።

ማታ ሙህሲን ደወለ። "ወሬው ደረሰኝ። ሱቁ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ሰው እፈልጋለሁ። እስክታገኝ ድረስ ና።"

ሠራተኛዬ ሁን ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ዲግሪ ሚስማር በኪሎ ልሸጥለት! ዘጋሁበት።

ዳሲቱ፣ "ምን አለህ?" አለች።

"አዋረደኝ።"

"እኮ፣ ምን አለህ?"

ነገርኳት። እህቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ መብራቱን አጥፍታ ወደ መኝታዋ ሄደች።

መስከረም 6

ታጁ በበዓሉ ሰሞን ሦስት ጊዜ ደወለ። "ያንን ሽማግሌ ሳትገድሉ ጥላችሁ ጠፋችሁ። ሰዉ እኔን ሊገድለኝ ነው። ዛሬ እሁድ ነው፣ ጨርሱልኝ።" ሄድኩ። ሙህሲን ከሳሪስ መጥቶ ጆይስቲኩን ይዞ ተቀምጧል። ሸሚዙ ላይ የቀለም ጠብታ አለ። ጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ተቀመጥኩ። ሰላም አልተባባልንም፤ አልተጣላንምም።

ውጊያው ከባድ ነበር። ደጋግመን ሞትን። አሻግሬ ፍሬን የሚይዝ ይመስል በእግሩ ወለሉን ይረግጣል። በመጨረሻ ሽማግሌው በጉልበታቸው ወደቁ፤ የብረት ቆባቸውን አወለቁ። ሽበታም፣ ደካማ፣ የማንም አጎት ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። ቀና ብለው ተናገሩ።

ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሞት መቼም ክብር ይመልሳል፤ አሻግሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቲቸር፣ ጋሼ ብረቱ ምን አሉ?" አለ።

ጥሩ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ወንድምየው ነበረበት፣ ጋሻው ነበረበት። ቤቱን የሚያስለቅስ ነው። ሙህሲን አላየኝም፤ ስክሪኑን ነበር የሚያየው። ከሥር ያለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። የጥንት እንግሊዝኛ አይደለም፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይረዱታል።

"'ሰንሰለቴን ስትፈታ ማን እንደሆንኩ ነግሬህ ነበር። አንተ ግን የፈለግከው ጓደኛ ነበር።'"

አሻግሬ ራሱን ነቀነቀ። "አይ ቲቸር። ይሄን ከራስህ ነው የጨመርከው። ጋሼ ብረቱ እንዲህ አይሉም።"

"እውነቱን ነው" አለ ታጁ፤ "በፊት በፊት አነጋገራቸው ለዛ ነበረው።"

"ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው ያለው" አለ ሙህሲን። ማንም አልሰማውም። ሁሉም መጨረሻው እንዲህ መሆን እንዳልነበረበት ይከራከር ነበር።

እስከ አስፋልቱ አብረን ሄድን። ጭቃው መድረቅ ጀምሯል። ስለ ሱቁ ልጠይቀው ፈለግኩ፤ ጠየቅኩት። ጥሩ ነው አለ። ሚኒባሱ መጣ፣ ረዳቱ "ሳሪስ፣ ሳሪስ!" ይላል። ሙህሲን አንድ እግሩን አስገብቶ ዞረ።

"ቲቸር፣ ከእንግዲህ እሁድም አልመጣም። ሱቅ አለ።"

ሄደ።

አሁን ይህን እጽፋለሁ። ብዕሩ ለምዶበት ከሥሩ ሊቀጥል ነበር፤ "ማለቱ ነው" የሚለውን ግማሽ ጽፌ ሰረዝኩት። አልመጣም አለ። ያለው ይሄን ነው።